ያሸነፈው ዘር ለምን ይወድቃል?

(በልደታ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር እንድናሰማ ጥሪ በደረሰን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ ፈገግ ብሎ «ልደታ ውስጥ ደግሞ ምን ማሳ አለና ነው ስለ ስንዴ የምታወሩት?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ መልስ የሚያሻው ጥያቄ ነው። በልደታ የሚታረስ መሬት የለም። ነገር ግን በማለዳ ከዳቦ ቤት ደጅ የሚሰለፈው ሰው፥ ዘንቢሏን ይዛ ከወፍጮ ቤት ተራ የምትጠብቀው እናት፥ በምግብ አዳራሻችን ዳቦው አነሰ ብለን የምናጉረመርመው እኛም ጭምር፥ ሁላችን በአርሲና በባሌ፥ በጎጃምና በሸዋ ማሳ ላይ የሚደርሰው ነገር ይደርስብናል። ቦሌ ሳይሠራ በፊት ልደታ የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚያርፍባት ሜዳ እንደ ነበረች ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ዛሬ የምንናገርለት ጠላት ግን ማረፊያ ሜዳ አይጠይቅም። በነፋስ ይመጣል፤ ባገኘው ቅጠል ላይ ያርፋል። ስሙም ዋግ ነው።

ገበሬው በጥቅሉ ዋግ የሚለውን በሽታ ሊቃውንቱ በሦስት ይለዩታል፤ እነዚህም ቢጫ ዋግ፥ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ ናቸው። ሦስቱንም የሚያመጧቸው በነፋስ የሚበተኑ እጅግ ጥቃቅን የፈንገስ ዘሮች ናቸው። ቢጫ ዋግ ብርድና ርጥበት ይስማማዋል፤ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተነሰነሰ ቢጫ ዱቄት ይመስላል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን አየር ይወዳል፤ የስንዴውን አገዳ ሰንጥቆ የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት ያወጣል፥ ወደ ዛላው የሚወጣውንም ውኃና ምግብ ያቋርጣል። ከዚህ የተነሣ ፍሬው ሳይሞላ ይጨማደዳል። ገበሬው ያርሳል፥ ይዘራል፥ ያርማል፥ ማዳበሪያም በብድር ገዝቶ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ወቅቶ የሚያገኘው ግን ገለባ ይሆናል።

ለዚህ በሽታ ለገበሬው ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት በዘሩ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። የሚረጭ ኬሚካል መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፥ መርጫ ይጠይቃል፥ ከሁሉም በላይ በሽታው ሳይስፋፋ በሰዓቱ መድረስን ይጠይቃል። በሽታን የሚቋቋም ዘር ያገኘ ገበሬ ግን መድኃኒቱን ከዘሩ ጋራ ዘርቶታል። ስለዚህ የጥያቄው ሁሉ መነሻ ይህ ነው፤ ከብዙ ሺህ የስንዴ ዓይነቶች መካከል ምርቱም የሚበዛ፥ በሽታውንም የሚቋቋም የትኛው እንደ ሆነ በምን እናውቃለን?

ከመካከላችሁ የሕንፃ ሥራ የምትማሩ ብዙዎች ስለሆናችሁ ከእናንተ ሙያ ምሳሌ እንውሰድ። ኮንክሪት ሲቦካ ናሙናው በኩብ ሣጥን ይሞላል፥ 28 ቀን ይቆያል፥ ከዚያም በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል፤ የተሸከመውም ጭነት ይመዘገባል። ካለፈ አለፈ ነው። የዘር ፈተናም እንዲሁ ናሙና ወስዶ እስኪሰበር ማስጨነቅ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የመሬት ስበት በየዓመቱ አዲስ ጠባይ አያወጣም፤ ዋግ ግን ያወጣል። ዘንድሮ ያለፈው ዘር ከአምስት ዓመት በኋላ የሚወርድበትን ጭነት ዛሬ በመጭመቂያ ልንለካው አንችልም። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ዘር አንድ ጊዜ ተፈትኖ ዲፕሎማውን የሚቀበል ተማሪ አይደለም፤ ፈተናው አያልቅም።

በመጀመሪያ ምርት እንዴት እንደሚለካ እንመልከት። ነገሩ ማጨድ፥ መውቃትና መመዘን ብቻ ይመስላል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። በትምህርታችን ጊዜ ጥቂት የስንዴ ዓይነቶችን፥ እያንዳንዱን በአንድ መደብ ብቻ ዘርተን ስናወዳድር፥ አንዱ ከሁሉ ለምልሞና ረዝሞ ታየን። «አሸናፊው ይህ ነው» ብለን በደብተራችን ላይ አሰመርንበት። ክረምቱ ሲበረታ ግን ያ መደብ ከተዳፋቱ ግርጌ መሆኑን፥ ከላይ ያለው አፈርና ውኃ ሁሉ ወደ እሱ የሚወርድ መሆኑን አየን። የመረጥነው ዘሩን አልነበረም፤ ቦታውን ነበር። ስሕተቱም የሌላ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መላ ያበጀው ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የሂሳብ ሊቅ ነው፤ በ1919 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን) በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ደንቡን አስተማረ። መላውም ሦስት ነው። እያንዳንዱን ዘር ደጋግሞ በብዙ መደብ መዝራት፤ መሬቱን እርስ በርሱ በሚመሳሰል ክፍል ከፍሎ ዘሮቹን ሁሉ በየክፍሉ ማስገባት፤ በክፍሉ ውስጥ ያላቸውንም ቦታ በዕጣ መደልደል። ዕጣ አድልዎ አያውቅም፤ የተመራማሪው ወዳጅ የሆነ ዘር መልካም አፈር እንዳያገኝ ይከለክላል። ይህም ብቻውን አይበቃም። በአርሲ ደጋ አንደኛ የወጣ ዘር በደብረ ዘይት ጥቁር አፈር ላይ ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፥ ፈተናው በልዩ ልዩ አገርና በተከታታይ ዓመቶች መደገም አለበት። አማካዩን ብቻ ማየትም ያሳስታል፤ በደኅና ዓመት ሃምሳ ኩንታል ሰጥቶ በክፉ ዓመት ባዶ እጁን ከሚሰድ ዘር ይልቅ፥ በሁለቱም ዓመት ሠላሳ የሚሰጠውን የሚመርጥ ገበሬ ሞኝ አይደለም።

በሽታን መለካት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። በሽታ ባልመጣበት ዓመት ዘር ሁሉ ጀግና ነው። ስለዚህ ተመራማሪው በሽታውን እሱ ራሱ ጠርቶ ያመጣዋል። ሞሮኮ የሚባል፥ ዋግ እጅግ የሚወደው የስንዴ ዓይነት በመደቦቹ ዙሪያ ይዘራል፤ ዋጉም በእሱ ላይ ተራብቶ ወደ ተፈታኞቹ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ ተመራማሪው በየጥቂት ቀኑ በጭቃው ውስጥ እየተመላለሰ ሁለት ነገር ይመዘግባል። አንደኛው ከመቶው ምን ያህሉ የተክሉ አካል በዋግ እንደ ተሸፈነ ነው። ሁለተኛው ተክሉ ለበሽታው የሰጠው መልስ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ሆኖ በዙሪያው ያለው ቅጠል ደርቆ ከከበበው ተክሉ እየታገለ ነው፤ ቁስሉ ሰፊ ሆኖ ዱቄቱ እንደ ልብ ከፈሰሰ ግን ተክሉ እጁን ሰጥቷል ማለት ነው። ለሚቋቋመው 0.2፥ በመጠኑ ለሚቋቋመው 0.4፥ በመጠኑ ለሚጠቃው 0.8፥ ፈጽሞ ለሚጠቃው 1 ተሰጥቶ፥ የሽፋኑ መጠን በዚህ ይባዛል።

በምሳሌ እንየው። አንዱ ዘር ስድሳ በመቶ ተሸፍኖ በመጠኑ የሚቋቋም ቢሆን ሂሳቡ 24 ይሆናል። ሌላው አርባ በመቶ ብቻ ተሸፍኖ ፈጽሞ የሚጠቃ ቢሆን 40 ይሆናል። ከመኪና መስኮት አሻግሮ ያየ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ተንበርክኮ ቅጠሉን ያገላበጠው ግን የመጀመሪያውን ይመርጣል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ የእርሻ ሳይንስ ጉልበቱ ጭቃ ያልነካው ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ዘሩ በመጀመሪያ በጥቂት መስመር ለእይታ ይዘራል። ከዚያ ወደ መለስተኛ ፈተና፥ ቀጥሎም በብዙ ጣቢያ ወደሚደረገው ብሔራዊ ፈተና ያልፋል። በመጨረሻም ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር በሆነ መደብ በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ላይ ተዘርቶ፥ ዘር እንዲለቀቅ የሚፈቅደው ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል። ከማዳቀሉ ጀምሮ ቢቆጠር ዐሥር ዓመት ያህል የሚፈጅ መንገድ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያለፈ ዘር ለምን ይወድቃል?

የአገራችንን ታሪክ እንመልከት። በ1980ዎቹ የወጣው ዳሽን ምርቱ የተመሰገነ ስንዴ ነበር፤ በ1988 ቢጫ ዋግ መታው። እንኮይ የሚባለው ብዙ ዓመት ያገለገለ የተወደደ ዘር በ1993 እና በ1994 በተነሣው የግንድ ዋግ ወረርሽኝ ከማሳ ወጣ። ከዚያ ኩብሳ መጣ። ኩብሳ ምርታም ከመሆኑ የተነሣ ከገለማ ጋራ የደጋውን ማሳ ሞላው። በ2010 ግን ዝናሙ በረዘመበት ዓመት ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ወረደ፤ ኩብሳም ገለማም ወደቁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ የሚሰብር ነው። ገበሬውም መንግሥትም ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ዘር ይፈልጉ ጀመር፤ ዲገሉ ተገኘ። ዲገሉ በ2005 የተለቀቀ ሲሆን ቢጫ ዋግን ብቻ ሳይሆን፥ በ1998 በኡጋንዳ ታይቶ ዓለምን ሁሉ ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። እነሆ የሁለት ጦር ጋሻ ተገኘ ተባለና ዲገሉ በሰፊው ተሠራጨ። በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ ሌላ የግንድ ዋግ ወገን ተነሣ፤ ይህም ዩጂ 99 አልነበረም፥ ሊቃውንቱ ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ ብለው የሰየሙት ነው። በአንዳንዱ ማሳ የዲገሉ ምርት ፈጽሞ ጠፋ። በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ገበሬው ቢጫውን ሸሽቶ በቀዩ ተያዘ። ይህ ገበሬ ሰነፍ አልነበረም። ምከሩኝ ያለ፥ የተመከረውን የሰማ፥ የተሻሻለውን ዘር የዘራ ገበሬ ነበር።

ምክንያቱን ስንመረምር ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፥ የእነዚህ ዘሮች ኃይል በአብዛኛው በአንድ ትልቅ ጂን ላይ የቆመ መሆኑ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው በር ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ሌባው ግን ያችን አንዲት ቁልፍ ካስመሰለ ሌላ የሚያግደው የለም። ዲገሉን ያቆመው አንድ ጂን ነበር፤ አዲሱ ወገን የመጣው ያችኑ ቁልፍ ይዞ ነው። ሁለተኛው፥ ያንኑ አንድ በር በአገር ሁሉ ላይ መግጠማችን ነው። ዋግ በሚሊዮን ዘር የሚራባ ፍጥረት ነው፤ አንድ ዓይነት ስንዴ ከአድማስ እስከ አድማስ ሲዘራለት፥ ያን ስንዴ የሚከፍት አንድ ልጅ ቢወለድ ዓለም ሁሉ የእሱ ነው። ያሸነፈው ዘር የሚወድቀው እንግዲህ ስላሸነፈ ነው። ይህም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የኩብሳ ወንድም የሆነው የሕንዱ ፒቢደብሊው 343 በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘርቶ ነበር፤ እሱም በቢጫ ዋግ ተሸንፎ ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለምን? አለ፤ በአገራችንም ተሞክሯል። በ1971 የቡና ፍሬ የሚያበሰብሰው በሽታ በኢትዮጵያ መታየት በጀመረ ጊዜ ብዙ ሰው የቡናችን ነገር አበቃ ብሎ ነበር። ተመራማሪዎች ግን ወደ ገበሬው ጓሮና ወደ ጫካው ገብተው፥ ጎረቤቶቹ በበሽታ ጠቁረው እሱ ብቻ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። ከየዛፉ ፍሬ እየለቀሙ፥ ችግኝ እያፈሉ፥ በሽታውን ሆን ብለው እየጨመሩ በጅማ አጠገብ በመልኮ ፈተኑት። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዓይነቶች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ መጀመሪያ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፥ ማለትም 1974ን ያመለክታሉ። እነዚህ ቡናዎች ዛሬም ይተከላሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ከአንድ ዛፍ አንድ ዘር ወስደው አገሩን አልሸፈኑም፤ ከብዙ ዛፍ ብዙ ዘር አወጡ እንጂ።

ሌላም ምሳሌ እናምጣ። የማሽላን ሥር የሚመጥጠውን አቀንጭራ የቆላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በአለማያ ኮሌጅ የተማረው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲፈልግ፥ በማሳ ላይ የተረፈውን ተክል መልቀም ብቻ አልበቃውም፤ ለምን እንደ ተረፈ ጠየቀ። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ቅመም ሲቀሰቅሰው ነው፤ ያን ቅመም በጥቂቱ ብቻ የሚያወጣ ማሽላ ጠላቱን ሳይቀሰቅሰው ያልፋል። ይህንን በቤተ ሙከራ እየለየ፥ ከምርታም ዘር ጋራ እያዳቀለ የሠራው ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አስገኘለት። እሱም እንደ እኛ በአገሩ ኮሌጅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ፈታኝ እናንሣ፤ እሱም ገበሬው ነው። እኛ ምርትና በሽታ ብለን እንጽፋለን፤ ገበሬው ግን ገለባው ለከብት ይበቃል ወይ፥ እንጀራው ይነጣል ወይ፥ ገበያ ላይ ምን ያወጣል ብሎ ይጠይቃል። ማኛ የተባለው ነጭ ጤፍ ገበያ የሚወደው ሲሆን ምርቱ አነስተኛ ነበር፤ ሌላው ምርቱ የበዛ ሲሆን ንጣቱ ያንሳል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው በ2006 ቁንጮን ስላወጡ ገበሬው ሳይገፉት ተቀበለው። እንዲሁም በሰሜን ወሎ በገረገራና በትግራይ በሐገረ ሰላም 400 የስንዴ ዓይነቶች በአንድነት ተዘርተው ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች ራሳቸው ነጥብ እንዲሰጡ ተደርጓል። ነጥባቸው ዝብርቅርቅ አልሆነም፤ ዓይናቸው እንደ ሚዛን የሚታመን ሆኖ ተገኘ። ከአባት ከአያት ከወረሱት ዘርም ከተሻሻለው የበለጠ ተገኘ።

ይህ የአያቶቻችን ዘር ለሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ብናውቅ ልባችን በኮራ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ ሰብስበው ከወሰዱት ገብስ ውስጥ የተገኘ አንድ ጂን፥ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የገብስ ማሳ ላይ አመዳይ የሚባለውን በሽታ ሲከላከል ኖሯል። የካሊፎርኒያ ገብስም ቢጫ አቀጭጭ ከሚባለው የቫይረስ በሽታ የዳነው ከኢትዮጵያ ገብስ በተወሰደ ጂን ነው። እኛ ግን ይህን ሀብት በድርቅና በቸልታ ስናጣው ኖረናል። በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ተቋቁሞ፥ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬው ዘር በቀዝቃዛ ክፍልም በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ መደረጉ አገርን ያዳነ ሥራ ነው። ዋግ አዲስ ቁልፍ ባመጣ ቁጥር አዲስ በር የምናገኘው ከዚያ ነውና።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ይህን ሁሉ ያልነው ለማስፈራራት አይደለም። ዛሬ ነፋሱ ዋጉን ወዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ የሚተነብይ ሥራ በአገራችን ተጀምሯል፤ የዋጉንም ወገን በጥቂት ቀን የሚለይ መሣሪያ መጥቷል። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን ማሳ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ይዞት መግባት አለበት። ከመካከላችን እርሻን የሚማሩ ብዙዎች የቢሮ ወንበር ሲመኙ እናያለን፤ እኛም ከዚህ ምኞት ነጻ ነን አንልም። ስለዚህ ራሳችንንም ጨምረን ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፥ ሳይንስ የምንማር ሁሉ ያየነውን እንጂ የተመኘነውን እንዳንመዘግብ። አንድ የሐሰት ነጥብ ዐሥር ዓመት ቆይታ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ትበቅላለች። ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደየወላጆቻችን ስንሄድ የአካባቢውን ዘር ስም፥ ጠባዩንና የሚስማማውን መሬት ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ፤ እነሱ ካለፉ የሚነግረን አይኖርም። ሦስተኛ፥ አንድ ዘር አሸነፈ በተባለ ቁጥር «ሁለተኛውና ሦስተኛውስ የት አሉ?» ብለን እንጠይቅ። አገር በአንድ ዘር ላይ እንዳትቆም ማድረግ የተመራማሪው ብቻ ሥራ አይደለም። ዘሩን የሚያባዛው ድርጅት የሚመራው በኢኮኖሚ ተማሪ ነው። ዘሩ የሚቀመጥበትን መጋዘን የምትሠሩት እናንተ የሕንፃ ተማሪዎች ናችሁ። ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ የሚጽፍለትም የቋንቋ ተማሪ ነው።

ያ ጓደኛችን በልደታ ማሳ የለም ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። ነገ ጠዋት ግን ዳቦውን ሲቆርስ፥ ያ ዳቦ ስንት ፈተና አልፎ ከእጁ እንደ ደረሰ፥ የሚቀጥለው ዓመት ዳቦም ገና ፈተና ላይ እንዳለ ያስብልን።